ለልምምድ የተነሳ እርግማን

ይህን ታሪክ ልጆቼ እኔ በሌለሁበት እያወሩ ይሳሳቁበታል። ድምፄን ሲሰሙ ዝም ይላሉ፤ ጥሩ አድርጌ ስላሳደግኋቸው ነው። ከእነሱ አፍ ጨውና በርበሬ ተጨምሮበት ከሚወጣ ግን ጥፋተኛው ራሱ ቢጽፈው ይሻላል ብዬ ብዕር አንስቻለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከተማው ቆቦ። እኔ የአርባ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዬን አስቀምጬ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የተቀደደ እጠግናለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ሰው አርማለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ባለሱቁ ጋዜጣውን ለሁለት እየቀደደ ስለሚጠቀልል የማንኛውንም ጉዳይ ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። ይህ ግን ሙሉውን እንደሚያውቅ ሰው ከመናገር አግዶኝ አያውቅም። በዚያ ዘመን ለመናገር ግማሹ ይበቃ ነበር፤ ሌላውን ግማሽ የሚያውቁት ሰዎች ዝም ይሉ ነበርና።

በቀበሌያችን አዳራሽ ረቡዕ ረቡዕ አመሻሽ ላይ የሚሰበሰብ «የንግግርና የክርክር ክበብ» ተቋቋመ። ያቋቋመው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጓድ ታደሰ የሚባል ወጣት ካድሬ ነው። ዓላማው ሰፊው ሕዝብ ሳይፈራ እንዲናገር ነበር። ሰፊው ሕዝብ ይመጣ የነበረው ግን ስም እየተጠራ ስለሚቆጠር ነው። ሳይፈራ ለመናገር ያልመጣ ሰው በማግስቱ እንዲፈራ ይደረጋል።

ደንቡ ቀላል ነው። ርዕሱ ይነገራል፤ ሁለት ሰዎች ይወጣሉ፤ ማን የትኛውን ወገን እንደሚይዝ ከባርኔጣ ውስጥ ዕጣ ይወጣል። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ይሰጣል። ጊዜው ሲያልቅ ዘበኛው በር ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል። «ያላመንክበትን አሳምረህ መናገር የብስለት ምልክት ነው» ይለን ነበር ጓድ ታደሰ። እኛ በየስብሰባው ለዓመታት ስንሠራው የኖርነው ያንኑ ነበር፤ አዲሱ ነገር በዕጣ መሆኑ ብቻ ነው።

እኔ በዚህ ክበብ አበብኩ። ስድስት ወር ሳይሞላ በቆቦ ከእኔ በላይ የሚጮህ ቸርኬው ብቻ ሆነ። ስለ ንጽሕና ተናግሬያለሁ፣ ስለ ስንፍና ተናግሬያለሁ፣ ስለ ሴቶች እኩልነትማ ሦስት ጊዜ ተናግሬ ሦስቱንም አሸንፌያለሁ። ባለቤቴ ደብሬ አንዱንም አልሰማችም፤ ቤት እራት እየሠራች ነበር።

አሁን ወደ ቁስሉ ልግባ።

የመጀመሪያ ልጄ ጥሩወርቅ ትባላለች። እኔ ከስኳር መጠቅለያ ላይ የለቀምኩትን ፊደል እሷ ከሰሌዳ ላይ እንድትማረው ሌት ተቀን ሰፍቻለሁ። አስተማሪ ልትሆን ነበር፤ እኔ ወስኜ ጨርሼ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ፣ ከቆቦ በስተሰሜን ባለችው ዋጃ ወፍጮ ቤት ከሚሠራ ሙሄ የሚባል ልጅ ጋር ሄደች። ጠልፏት አይደለም፤ በእግሯ ነው የሄደችው። ሰው ሁሉ የተናደድኩት ልጁ እስላም ስለሆነ መሰለው። አልነበረም። በእኛ አገር አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም በዓል ሲከበር አዲስ ነገር አይደለም። እኔን ያቃጠለኝ ደብተሯን እንደ አሮጌ ጨርቅ ጥላው መሄዷ ነው። ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሳታስፈቅደኝ መሄዷ።

በገበያ ቀን መንገድ ላይ ቆሜ፣ ሰው እየሰማ፣ «አጥንቴ ይውጋሽ!» አልኳት። እሷ አልነበረችም። ቃሉ ግን ከእኔ ቀድሞ ዋጃ ደረሰ።

በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በአርባ ቀኑ ሞተ። የቆላ ንዳድ ነው የሚሉ ነበሩ። ሌሎቹ ምን እንደሚሉ መጻፍ አያስፈልገኝም። እሷም የምታምነው የሌሎቹን ነበር።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ሽማግሌ ላከችብኝ። ሽማግሌው ሼህ እንድሪስ ናቸው፤ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ደጅ ነው። አንዴ መጡ፣ መለስኳቸው። ሁለተኛ መጡ።

«ካሳዬ፣ ልጅቱ መውለጃዋ ቀርቧል። አጥንትህን አንሳላት።»

እኔ የስፌት መኪናዬን መዘውር ሳላቆም የመለስኩላቸውን ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

«ሼህ እንድሪስ፣ እኔ ተራማጅ ሰው ነኝ። እርግማን የሚባል ነገር የድንቁርና ውጤት ነው። የሌለ ነገር እንዴት ይነሳል?»

«ሲሰጥ ነበረ?»

«ሲሰጥ በንዴት ነው።»

«እሺ፣ አሁን ደግሞ በንዴት አንሳዋ!»

አልሳቅኩም። ሄዱ። አያችሁ፣ ሳይንስ እንዴት እንደሚጠቅም? ልጄን በእርግማን ወግቼ፣ እርግማን የለም ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያ ረቡዕ መጣ። የዚያ ቀን አሸናፊ በማግስቱ ወልድያ በሚደረገው የአውራጃ ውድድር ቆቦን ወክሎ ይሄዳል ተብሎ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሱሪ እየሰፋሁ በልቤ ጉሮሮዬን ስጠርግ ዋልኩ። የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፋሁት።

አዳራሹ ሞቆ ነበር። ፋኖሱ ዙሪያ ትንኝ ይዞራል፤ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው ኋላ ተደርድረዋል። ሼህ እንድሪስም አሉ፤ ስማቸው ይጠራላ።

ጓድ ታደሰ ርዕሱን አነበበ። «ይቅርታ ብርታት ነው ወይስ ሽንፈት?»

ተከራካሪዬ መምህር ጌታሁን ነበር፤ ወጣት፣ መነጽር ያለው፣ ጋዜጣን በሁለቱም ግማሽ የሚያነብ። ዕጣ አነሳ። «ሽንፈት» ደረሰው። ለእኔ «ብርታት» ቀረልኝ። ወዲያው እንደተሸነፍኩ ገባኝ። በዚያ ዘመን «ለጠላት ይቅርታ የለም» የሚለውን ወገን የያዘ ሰው መናገርም አያስፈልገው፤ መቆም ብቻ ይበቃዋል።

መምህሩ ግን ተናገረም። አድኃሪውን አነሳ፣ አቆርቋዡን አነሳ፣ ይቅር ያለ አብዮተኛ መቃብሩን በእጁ ቆፈረ አለ። ጓድ ታደሰ ራሱን ይነቀንቃል። ቸርኬው ተመታ፤ ጭብጨባው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። ያላጨበጨበ ሰው ይታያልና።

ተራዬ ደረሰ። የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ስለ ይቅርታ ጥቅም በጠቅላላው ተናገርኩ። እየቀዘቀዘብኝ መጣ። አንዱ አዛጋ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በረጋ መንፈስ ይወለውላል። እኔም ወልድያ ከእጄ ስታመልጥ ታየችኝ። ያኔ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት። አስቤበት አልነበረም ብል ውሸት ነው፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አስቤበታለሁ።

ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ጓዶች፣ እኔ ራሴ የረገምኳት ልጅ አለችኝ» አልኩ።

የሚያዛጋው ሰውዬ አፉን ሳይዘጋ ቀረ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ደጄን ዘግቼባታለሁ። አንድ ልጅ ቀብራለች፤ አልደረስኩም። ሽማግሌ ልካለች፤ መልሻለሁ። ብርቱ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በር መዝጋት ምን ብርታት ይጠይቃል? መክፈቱ ነው ጉልበት የሚፈልገው!» ይችን አረፍተ ነገር ስናገር ለራሴ ጣፈጠችኝ። እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። «ስለዚህ ዛሬ፣ በዚህ ሕዝብ ፊት፣ አጥንቴን ከልጄ ላይ አንስቻለሁ! በሰላም ውለጂ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ብዬአታለሁ!»

ቸርኬው ተመታ። ልክ በሰዓቱ ጨረስኩ። ልቤ ውስጥ «ጎበዝ ካሳ» አልኩ። ጭብጨባ ጠበቅኩ።

ጭብጨባ የለም። ከኋላ ሼህ እንድሪስ ምርኩዛቸውን መሬት አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አሚን!» አሉ።

«አሚን!» አሉ ከጎናቸው ያሉት። «አሜን!» አለ በወዲያ በኩል ያለው ክርስቲያን። እጅ እጅን እየተከተለ የአዳራሹ እጅ በሙሉ ተዘረጋ።

ጓድ ታደሰ ብድግ አለ። «ጓዶች! አሚን አይባልም! በንግግር ማብቂያ ላይ ማጨብጨብ ነው ደንቡ! አጨብጭቡ!»

ግን የተዘረጋ እጅ እንዴት ያጨበጭባል? «ወልዳ ትሳም!» «አሚን!» «ቤትህ ይሙላ!» «አሚን!» ቀጠሉ። ዘበኛው ብረቱን ጥሎ እሱም እጁን ዘርግቷል። ጓድ ታደሰ ብቻውን ሦስት ጊዜ አጨበጨበና የራሱን ድምፅ ሰምቶ አቆመ።

አሸነፍኩ። መምህር ጌታሁን እጄን ጨብጦ፣ «ጓድ ካሳ፣ ይሄ ክርክር አይደለም፤ ዘረፋ ነው» አለኝ፤ እንደ ምስጋና ወሰድኩት። ጓድ ታደሰም ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «አሚኗን እናጠፋታለን እንጂ የልጅቱ ነገር ግሩም ናት። ነገ ድገማት። መኪናው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል።»

በሩ ጋ ሼህ እንድሪስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመው ይጠብቁኛል።

«ነገ ጠዋት ነው መንገዱ» አሉኝ። «ከእህል ተራው የጭነት መኪና አናጣም። ለዋጃ ይለፍ ወረቀት እኛ እናወጣለን፤ ለወፍጮ ነው እንላለን። ደብሬ ውሃ መያዣ ታቀብልህ፤ በቤትህ ውሃ ነው የምትመርቃት።»

«የት ነው የምንሄደው?»

«ወደ ልጅህ ነዋ!»

«ኧረ ሼህ እንድሪስ! ያ እኮ ልምምድ ነው።»

«ምንድን ነው ልምምድ?»

«ለመማር የሚደረግ ንግግር። ዕጣ ነው ያወጣሁት። ለመምህሩ የደረሰው ቢደርሰኝ ኖሮ ሌላ እናገር ነበር።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው፣ «ዕጣ ከአላህ ነው» አለ፣ ነገሩ እንዳለቀ ሁሉ።

«ያላመኑበትን አሳምሮ መናገር ነው ትምህርቱ» አልኩ፣ ድምፄ እየተዳከመ።

«ውሸት ማለትህ ነው?»

«ውሸት አይደለም። ብስለት ነው።»

ሼህ እንድሪስ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። መዳፋቸውን ዘርግተው በፋኖሱ ብርሃን አሳዩኝ። «ካሳዬ፣ ቃልህን በዚህ ተቀብለነዋል። መቶ ሰው በዚህ ተቀብሎታል። አሁን መልሱልኝ ብትል፣ ወዴት እንድንጥልልህ ነው?»

ለአምስት ደቂቃ ስለማንኛውም ነገር መናገር የምችል ሰው አንድ ቃል አጣሁ። «እስቲ ነገ» ብዬ አመለጥኩ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ደብሬ መሬት ላይ ተቀምጣ የገንፎ ዱቄት በጨርቅ ትቋጥራለች። ዱቄቱ የዚያን ቀን የተዘጋጀ አይደለም፤ ከአልጋው ሥር ተደብቆ የኖረ ነው። ለስንት ጊዜ እንደተደበቀ አልጠየቅሁም።

ቀና ብላ አየችኝ። «ብለሃል አሉ።»

«ክርክር ላይ ነው እኮ…»

«እኔ ክርክርህን አላውቅም። ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ከልብህ ነው?»

ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። ደብሬ ቋጠሮውን አጠበቀች። «ወልድያ ሂድ» አለች። «እኔ ውሃውን እወስድላታለሁ።» እንዲህ በቀስታ ተናግራኝ አታውቅም ነበር። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም።

እናንተ የምታነቡ፣ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ከሕሊናዬ ጋር ስታገል አደርኩ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አላደርኩም። ተኛሁ። ጠዋት ፂሜን ተላጭቼ፣ ለራሴ የሰፋሁትን ካኪ ኮት ለብሼ፣ ወደ መኪናው ሄድኩ። በወዲያ በኩል ሼህ እንድሪስና ሽማግሌዎቹ ከደብሬ ጋር የሰሜኑን የጭነት መኪና ይጠብቃሉ። አዩኝ። እጄን አነሳሁላቸው፤ ለስብሰባ እንደሚሄድ ትልቅ ሰው። አንዳቸውም አልጠሩኝም። የእኛ መኪና መምህሩንም በተጠባባቂነት ጭኖ ወደ ደቡብ ተነሳ።

መንገዳችን ላይ ያለችው ጎብዬ ከተማ ስንደርስ ጓድ ታደሰ ሻይ እንጠጣ አለ። ተቀመጥን። ከኪሱ ወረቀትና እርሳስ አወጣ።

«ንግግሩን እናሻሽለው» አለኝ። «መጀመሪያ ያለው ደካማ ነው፤ ቀጥታ ከልጅቱ ጀምር። እዚያ ስትደርስ ድምፅህ ቢሰበር ጥሩ ነው። እንባ ከመጣልህ ደግሞ፣ ተወው ይውረድ።»

«እሺ።»

እርሳሱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልመስክርለት። እንደ እኔ የሚጣፍጥ አረፍተ ነገር የሚወድ ሰው ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል» አለ። «ይቅርታው በጊዜ ደረሰ፤ ስለዚህ ሰው ተደስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግን ዘግይቶ ቢሆንስ?»

«እንዴት ዘግይቶ?»

«ልጅቱ በወሊድ ብትሞት። አባትየው ሊምራት ሲደርስ አስከሬን ሲጠብቀው። አየኸው? አዳራሹ ነው የሚያለቅሰው! ማን ያጣራል ብለህ ነው?»

ከልቡ ፈገግ ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ… ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ለዚህ ነው የተቀመጥኩት። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት «እውነትም ይነካል» ብዬ ነው። የአረፍተ ነገሩ አወራረድ ታየኝ። «ደረስኩ፤ በሩ ክፍት ነው፤ የሚከፍትልኝ ግን የለም» ብዬ አሰማመርኩት ሁሉ። በልቤ ልጄን ገደልኳት፣ ደግሞም አሳመርኳት።

ከዚያ ነው ሻዩ ከእጄ የፈሰሰው። ካኪው ላይ ፈሰሰ። ጭኔ ሲቃጠል ነው የነቃሁት።

ተነሳሁ።

«የት ነው?» አለ ጓድ ታደሰ።

«ዋጃ።»

«ዋጃ በወዲያ ነው እኮ! ውድድሩስ? ቆቦን ማን ይወክላል?»

«መምህሩ ይወክል። ለእሱ የደረሰው ዕጣ ለወልድያም ይሻላል።»

«ጓድ ካሳ፣ ይሄ ዲሲፕሊን መጣስ ነው! ትጠየቅበታለህ!»

«ጠይቁኝ» አልኩት። እውነት ለመናገር ጀግንነት አልነበረም። የሻዩን ሒሳብ እንኳ ለእሱ ጥዬበት ነው የሄድኩት።

ማሽላ የጫነ መኪና ቆቦ አደረሰኝ። ከቆቦ ወዲያ ሌላ መኪና ጠፋ፤ በዚያ ፀሐይ እየተራመድኩ፣ ደግሞ የአህያ ጋሪ እየተለማመጥኩ ሄድኩ። ኬላው ላይ ይለፍ ወረቀት አልነበረኝም። ጠባቂው፣ «ምክንያትህ?» አለኝ። በሕይወቴ ሙሉ ለማንኛውም ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። «ልጄን ረግሜ ነበር» አልኩት። መሣሪያውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ።

ዋጃ ስደርስ ከሰዓት ተጋምሷል። ወፍጮ ቤቱ ደጅ እህል ያመጡ ሰዎች ተኮልኩለዋል። ሞተሩ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ደብሬ በሩ ላይ ቆማለች። ሼህ እንድሪስ ሲያዩኝ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ «አብሽር፣ ደረስክ» አሉ። «እኛ ቃልህን ነግረናታል። አልቀበልም ብላለች።»

«አልቀበልም?»

«ከራሱ አፍ ነው የምሰማው አለች።»

ገባሁ። ጥሩወርቅ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ዱቄት ቅንድቧ ላይ ሳይቀር አለ። ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ የእናቷን ፊት ሆኗል። ለመነሳት ሞከረች፤ አቃታት። ሙሄ ከሞተሩ አጠገብ ዘይት በነካ እጁ ቆሞ ወደ መሬት ያያል። ሽማግሌዎቹ ተከትለውኝ ገቡ፤ ባለ እህሎቹም በሩን ሞሉት። እኔ ሰው ሲሰበሰብ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አባዬ፣ ተው» አለች ጥሩወርቅ። «ንግግር አትጀምርብኝ።»

ያነሳሁትን እጄን አወረድኩ።

«ትናንት ሰው ሲሰማህ ብለሃል። መርገሙንም ሰው ሲሰማህ ነው ያልከው። አሁን ማንም ሳይሰማህ በለው።» ወደ ባሏ ዞረች። «ሙሄ፣ ሞተሩን አስነሳው።»

ሙሄ እኔን አየ፤ እሷን አየ። «ማንሻውን ይዤዋለሁ፤ እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

«አስነሳው።»

አስነሳው። አንባቢ ሆይ፣ የወፍጮ ሞተር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲነሳ ሰምተህ ታውቅ እንደሆነ፣ ሌላ ድምፅ በዓለም ላይ እንደማይቀር ታውቃለህ። መሬቱ ይነዝራል፤ ጥርስ ይነዝራል። በሩ ላይ የነበሩት ወሬ መስማት እንደማይቻል ሲገባቸው አንዳንዶቹ እህላቸውን ለማቅረብ ተጋፉ። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ሙሄ ጀርባውን ሰጠን።

ፊቷ ተንበረከክሁ። አስቤ አይደለም፤ ቁጭ ብላ ስለነበር ሌላ መንገድ አልነበረም። እና ተናገርኩ።

ያልኩትን አልጽፈውም። ያልተጣፈጠ ንግግር ነበር። መጀመሪያ የነገርኳት ትናንት ያልኩት ለማሸነፍ መሆኑን ነው። ቀጥሎ ጠዋት ወደ ወልድያ ሄጄ እንደነበር ነገርኳት። ጎብዬ ላይ ሻይ እየጠጣሁ በልቤ ያሰብኩትንም፣ አዎ፣ እሱንም ነገርኳት። ከዚያ ስለ መጀመሪያው ልጅ ተናገርኩ፤ ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ የቀረሁትን። ቸርኬ የሚመታ ስላልነበረ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። በመጨረሻ ደብሬ የያዘችውን ውሃ ተቀብዬ ጎነጨሁ፤ እንትፍ፣ እንትፍ ብዬ ራሷ ላይና ሆዷ ላይ መረቅኋት። ዱቄቱ ግንባሯ ላይ ሊጥ ሆነ። በእጇ ስትጠርገው ሳቀች መሰለኝ። በዚያ ጫጫታ ሳቅና ለቅሶ መለየት አይቻልም።

ከአሥር ቀን በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ዛሬም አለች፤ የልጆች እናት ናት። እርግማኑ ስለተነሳ ነው? አላውቅም። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው ስኳር ተጠቅልሎበት በደረሰኝ ግማሽ ጋዜጣ ላይ አልነበረም። የማውቀው ልጄ ሁለተኛውን እርግዝና እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ዕዳ ተሸክማው እንደነበር፣ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እንደ ልጅ እንደተሸከመችው ነው።

እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ረቡዕ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። አደረግሁ። «ለግል ጉዳዬ ስል ቆቦን ከድቻለሁ» አልኩ፤ ጓድ ታደሰ ጻፈው። ለስድስት ወር በክበቡ እንዳልናገር ተወሰነብኝ። መምህር ጌታሁን ከወልድያ ሁለተኛ ወጥቶ ተመልሶ ነበር፤ «ወላሂ ቀናሁብህ» አለኝ፤ እሱም ክርስቲያን ነው፣ ግን ቆቦ ስትኖር እንዲህ ነው የሚሆነው። ስድስት ወር ኋላ ተቀምጬ ሰው ሲናገር ሰማሁ። ምን ያህል ዝም ማለት እንደሚገባ ያወቅሁት ያኔ ነው። ቅጣቱ ሲያልቅ ማንም ሳያግደኝ ተውኩት።

አባቶች ሆይ፣ ለእናንተ ነው የምጽፈው። ዛሬ ክበቡም የለም፣ ቸርኬውም የለም፤ ሁላችንም ግን ኪሳችን ውስጥ መናገሪያ ይዘን እንዞራለን። በሠርግ ላይ ማይክ ይዛችሁ ልጆቻችሁን ስታሞግሱ እሰማችኋለሁ። ጥሩ ነው። ልጃችሁን ብቻውን ስታገኙትስ ምን አላችሁት? በሰው ፊት የተቆጣችሁትን በሰው ፊት ይቅር ማለት ግማሽ ሥራ ነው፤ ጭብጨባ ይቀላቀልበታል። ሰው ሳይኖር ያላላችሁትን አላላችሁትም። ጥብቅ አባት መሆኔን አልተውኩም፣ ልጆቼ ይመስክሩ፤ ሥርዓት ካልያዘ ልጅ ጋር ዛሬም አልስማማም። ቃሌን ግን ከዚያ ወዲህ ለልምምድ አላወጣሁትም።

ባለፈው ዓመት ጥሩወርቅ ልትጠይቀኝ መጥታ ለብቻችን ተቀምጠን ነበር። ለብዙ ዓመት የፈራሁትን ጠየቅኋት። «በወፍጮ ቤቱ ካልኩሽ ውስጥ የትኛው ነው ልብሽ ውስጥ የቀረው?» አልኳት።

«እኔ ምንም አልሰማሁም እኮ አባዬ» አለች። «ሞተሩ ይጮህ ነበር። አፍህን ነው ያየሁት።»